በሙዳይ ውስጥ የቀረው ደብዳቤ

በእኛ አገር በቆሬ በር አንድ ሰው ፊቱን ቋጥሮ ሥራ ሲያሳይ ወይም ተኮሳትሮ ልጅ ሲመክር ከታየ፣ አጠገቡ ያለ ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። አዲስ ምራቷን እንዝርት የምታለማምድ አማት ትባላለች፤ ጎረምሳ ልጁን ሞፈር የሚያስጨብጥ አባትም ይባላል። የተባለው ሰው ሳይወድ በግዱ ፈገግ ይላል። አባባሏ ከወረዳችን አልፋ ደሴ ገበያ ላይ ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከየት እንደመጣች ግን ሲጠየቅ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል፤ አንዱ የድሮ ሊቅ የተናገራት ናት ይላል፣ ሌላው ከመጽሐፍ ወጣች ይላል። ከመጽሐፍ አልወጣችም። የተናገሯት ሰው በተናገሩበት ቀን ፊደል ለመቁጠር ገና ይታገሉ የነበሩ የሰባ ዓመት አዛውንት ናቸው። ታሪኩን የሰማሁት ከአክስቴ ከሽታዬ ነው። እሷ ደግሞ ከነገሩ ጥፋተኞች አንዷ ስለነበረች የሚቀራት ነገር አልነበረም።

ዘመኑ መሠረተ ትምህርት በየገጠሩ የተከፈተበት ነው። ያኔ ከቆሬ በር ወፍጮ ቤት ለመድረስ አምስት ሰዓት ያስኬድ ነበር። ሴቱ እህሉን አዝሎ ገደሉን ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ዱቄቱን አዝሎ ደግሞ ያንኑ ገደል ይወጣል። ይህን ያልቻለ ቤቱ ተንበርክኮ በድንጋይ ይፈጫል። አክስቴ ገና በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ነበር።

በዚያ ዓመት ከአውራጃው የመጡ ሹማምንት ሕዝቡን ሰብስበው ሦስት አጎራባች ቀበሌዎች እንደሚወዳደሩ ተናገሩ። ጎልማሶቹን ፊደል አስቆጥሮ በፈተናው ብዙ ሰው ያሳለፈ ቀበሌ የናፍጣ ወፍጮ ይተከልለታል ተባለ። ይህ ከመሰማቱ በፊት ለትምህርት የተመዘገበው ዘጠኝ ሰው ነበር። በሳምንቱ አርባ ስድስት ሆነ። ሠላሳ አንዱ ሴቶች ናቸው። ባሎቻቸው «በስተርጅና ምን ያደርግላችኋል?» ሲሉ የነበሩ ሴቶች ሁሉ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

ሊያስተምር የተላከው ልሳኑ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ ቁመቱ የእህል መጋዘኑን በር ጎንበስ ብሎ የሚያስገባው። ትምህርቱ የሚሰጠው በዚያ መጋዘን ውስጥ፣ ሁልጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ተማሪው ድንጋይና ግንድ ላይ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊት አንድ ጥቁር ሰሌዳ ቆሟል።

ልሳኑ ደስ ያለው ቀን ማስተማር ያውቅበታል። «ቀ ማለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከባሏ የምትጣላ ሴት ናት» ይልና ራሱ ወገቡን ይዞ ይቆማል። «ሰ ባርኔጣ ሲያደርግ ሸ ይሆናል፣ ነ ባርኔጣ ሲያደርግ ኘ ይሆናል» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ሲበርድ ፊደሉ ገብቷል። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ፣ ከብት ሲያልቡ «ባርኔጣ ያለው፣ ባርኔጣ የሌለው» እያሉ ይደግሙታል።

ልሳኑ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ክፉ ቀን ግን ነበረው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚጠራበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። ጥሪው መውጣቱን እየተከታተለች የምትጽፍለት እህቱ ሮማን ናት። ደብዳቤዋን የሚያመጣው ደግሞ ጓንጉል ነው። ጓንጉል የቀበሌው መልእክተኛ ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በበቅሎው ከተማ ወርዶ የመጣውን ደብዳቤና ወረቀት ሁሉ ይዞ ይመለሳል። ደብዳቤ የመጣ ሳምንት ልሳኑ እንደ ልጅ ይፈነድቃል። ያልመጣ ሳምንት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሰላምታ ሳይሰጥ ይገባል፣ ሰሌዳውን በአርጩሜ ይመታል፣ «ትናንት ያስተማርኳችሁ የት ገባ?» ይላል። ማንንም ነክቶ አያውቅም። ግን አሥር ልጅ የወለደች፣ በሬ ቢያመልጥ ቀንዱን ይዛ የምትመልስ ሴት በዚያ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ስትቆም አፏ ይተሳሰራል። ትናንት በሳቅ የገባው ፊደል ዛሬ እንደ ጢስ ይበናል።

ይህን ጉዳይ ልብ ብላ የደረሰችበት የአክስቴ ጎረቤት እንጉዳይ ናት። እንጉዳይ በመንደሩ ውስጥ ማን ማንን እንዳኮረፈና ለምን እንዳኮረፈ ሳትጠየቅ የምታውቅ ሴት ናት። ወደኋላ ቆጥራ፣ ደብዳቤ በመጣባቸው ሳምንታት ሁለት ሁለት መስመር ፊደል እንደጨረሱ፣ ባልመጣባቸው ሳምንታት ግን አንድም እንዳልያዙ ለአክስቴ አስረዳቻት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህሩ ቀድመው የጓንጉልን መምጣት መጠባበቅ ያዙ።

ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነገር መጣ። ዝናብ መንገዱን ንዶት ስለነበር ለአንድ ወር ደብዳቤ የሚባል አልደረሰም፤ በመጋዘኑም ውስጥ ወር ሙሉ ሳቅ አልተሰማም። ከ«በ» አልፈው የነበሩት ሰዎች ወደ «ሀ» ተመልሰዋል። ያን ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች መንገዱ መታጠፊያ ላይ ጠብቀው ጓንጉልን ሲያስቆሙት፣ ከኮሮጆው ሦስት ደብዳቤ አወጣና ሁሉም የመምህሩ መሆናቸውን ነገራቸው።

እንጉዳይ ደብዳቤዎቹን አየች፤ ከዚያ ጣቷን አጠፈች። ቅዳሜ አንድ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ሁለት፣ የፈተናው ዋዜማ ቅዳሜ ሦስት። ደብዳቤውም ሦስት።

«ጓንጉል» አለችው፣ «ሦስቱን አንዴ ብትሰጠው ደስታው ስንት ቀን ይቆያል?»

ጓንጉል ሦስት ቀን ይሆናል ብሎ ገመተ።

«አንድ አንድ ብትሰጠውስ?»

ጓንጉል ሰው የአደራ ዕቃ አያስቀርም ብሎ ጥቂት ተግደረደረ። ሁለት ዶሮ ይሰጠዋል ሲባል ግን ደብዳቤ ቢዘገይ መንገድ ያዘገየዋል፣ ማን ይጠይቀኛል ወደሚለው መጣ። ከሦስቱ አንዷን መርጦ ይዞ ሄደ። ሁለቱን አክስቴ ተቀበለችና ቤቷ ወስዳ የጌጥ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተቻቸው። የእንጉዳይ ቤት ልጅ ስለሚበዛበት አይታመንም ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን አህያቸውን እየነዱ የሚያልፉ አያ ይመር የሚባሉ አዛውንት ከዳገቱ ላይ ሆነው አይተዋል። እሳቸውም ከተማሪዎቹ አንዱ ናቸው፤ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ። አይተው ዝም አሉ።

ዘዴው በእርግጥም ሠራ። ልሳኑ ያን ቀን የእህቱን ደብዳቤ አነበበ፤ ሮማን ወንድ ልጅ ወልዳ ኖሯል። ሰኞ መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ ገና ከበሩ እየሳቀ ነበር። በስድስት ቀን ውስጥ የጠፋው ሁሉ ተመለሰ፣ አዲስም ተጨመረ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሁለተኛው ደብዳቤ ተሰጠው፤ ሕፃኑ ክርስትና እንደተነሳና የዩኒቨርሲቲው ዝርዝር በቅርቡ ይወጣል መባሉን የሚናገር ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ልሳኑን ማን ይቻለው! ሴቶቹን ቃል ማንበብ አስጀመራቸው። እንጉዳይ «በሬ» የሚለውን ቃል ስታነብ ከደስታዋ ብዛት እልል ብላ፣ ውጭ የነበሩ ሰዎች ልጅ የተወለደ መስሏቸው መጡ። አያ ይመር እንኳ «ላም» እና «አልማ» የሚሉትን ለይተው «ለ፣ መ፣ አ፤ ሦስት ፊደል ብቻ ናቸው፣ ይኸን ያህል ዘመን ያታለሉኝ» አሉ።

አክስቴ ከሁሉም ቀድማ ሄደች። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የጨው ከረጢት፣ የክብሪት ቀፎ፣ የቀበሌውን ማኅተም። ረቡዕ ቀን ቤት ውስጥ ብቻዋን ሳለች ሙዳይዋ ትዝ አላት። የቀረውን ደብዳቤ አወጣችና በሩ ብርሃን ላይ ሆና ፖስታውን በጣቷ ተከተለች። «ለ፣ መ፣ ም፣ ህ፣ ር» አለች። ቆየችና «ለመምህር» ብላ ገጠመችው። «ልሳኑ» የሚለውንም አነበበች። ከትምህርት ቤት ውጭ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ሰው ለሰው የጻፈውን ስታነብ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እንባዋ መጣ። ወዲያው ከፖስታው ጥግ በቀይ ቀለም የተጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ሌላ ቃል አየች። «አ፣ ስ፣ ቸ» ካለች በኋላ ተቸገረች። ቀጥሎ ያለችው ፊደል ከ ትመስላለች፤ ግን እግሯ ሥር ጭረት አለባት። መጨረሻዋ ይ ናት። መካከለኛዋን ግን ፈጽሞ አልተማረችም።

ሐሙስ ትምህርት ሊጀመር ሲል ያቺን ፊደል መሬት ላይ በእንጨት ጽፋ ልሳኑን ጠየቀችው። ልሳኑ ተማሪው ያላስተማረውን ፊደል ፈልጎ ሲጠይቀው በጣም ደስ አለው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈና ለሁሉም አስረዳ። «ይህች ኳ ናት። ‹ኳስ› ስንል አለች። ‹አስቸኳይ› ስንልም አለች። አስቸኳይ ማለት ለነገ የማይባል ማለት ነው።»

አክስቴ የተቀረውን ትምህርት አልሰማችም። እንደወጡ እንጉዳይን ከአጥሩ ጥግ ይዛ ነገረቻት። እንጉዳይ በመጀመሪያ ማንበቧን አላመነችም። ካመነች በኋላ ደግሞ ነገሩን ቀላል አደረገችው። «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ ይደርሰዋል። ሁለት ቀን ምን ያመጣል? ክፉ ነገር ቢሆንና ፊቱ ቢጠፋ፣ ወይ ጥሎን ቢሄድ፣ እሑድ ማን ያቆመናል? ወፍጮው እኮ ነው ሽታዬ። ወገብሽ እኮ ነው።»

አክስቴ ወገቧ እኮ እንደሆነ ታውቃለች። ያን ቀን ደብዳቤውን አልሰጠችም። ዓርብ ጠዋትም አልሰጠችም። እህል ልትፈጭ ተንበረከከች፤ መጁን ይዛ ቆየችና ተወችው። አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሙዳዩን ከፍታ ደብዳቤውን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች፤ ወደ ልሳኑ ቤት ሄደች።

ልሳኑ ጫማውን እያሰረ ነበር። ደብዳቤውን በሁለት እጇ ሰጠችው። ከፍቶ አነበበ። ፊቱ መጀመሪያ እንደ ፀሐይ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን የሚናገር ደብዳቤ ነው። ቀጥሎ የመመዝገቢያውን የመጨረሻ ቀን አየ። የፊታችን ሰኞ ነው። ቀጥሎ ሮማን የጻፈችበትን ቀን አየ።

«ይህ መቼ መጣ?» አላት።

አክስቴ ሁሉንም ነገረችው፤ የጓንጉልን፣ የዶሮውን፣ የሙዳዩን። እንጉዳይ ያለችውንም እሷ ያለችውንም አልደበቀችም። ደብዳቤው እሷ ቤት ከገባ ነገ ሁለት ሳምንት እንደሚሆነውም ነገረችው።

«ታዲያ ዛሬ ለምን አመጡት?»

«አስቸኳይ ይላላ» አለችው።

«ማን አነበበልዎት?»

«ራሴ።»

ልሳኑ ብዙ አያት። አክስቴ የዚያን ሰዓት ፊቱን ልትተርክልኝ ብዙ ጊዜ ሞክራለች፤ አንድም ቀን አልቻለችም። ከዚያ ደብዳቤውን ኪሱ ከተተና ወደ መጋዘኑ አመራ። እሷም ከኋላው ተከተለችው።

ያን ቀን የገባው ፊት በሦስት ወር ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋ ነበር። ጠመኔውን አነሳና «ላም» ብሎ ጻፈ። እንጉዳይን አስነሳ። እንጉዳይ የፖስታውን ነገር ገና ከፊቱ አውቃዋለች፤ ስለዚህ ሰሌዳውን ሳይሆን እሱን እያየች ቀረች። ሌላ ሰው አስነሳ፤ ዝም። ሌላ አስነሳ፤ ዝም። በመጨረሻ «እትዬ ሽታዬ» አለ። ከሁለት ቀን በፊት የአዲስ አበባን ፖስታ ያነበበች ሴት «ላም» የሚለው ላይ ቆማ ሁለቱንም ፊደል አጣቻቸው።

«ሦስት ወር» አለ ልሳኑ። «ሦስት ወር ሙሉ በከንቱ።»

ይኼኔ አያ ይመር ከተቀመጡበት ግንድ ላይ ተነሱ። ለመነሳት ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ ሁሉም ጠበቃቸው።

«ልጄ፣ በከንቱ አይደለም» አሉት። «ሁሉም ፊደሉን ያውቀዋል። አንተ ስትገባ እኛ መጀመሪያ የምናነበው ሰሌዳውን አይደለም፣ አንተን ነው። አንተ ከተዘጋህ ሰሌዳው ላይ ያለው አይታየንም። እነዚህ ሴቶች ያንተን ደብዳቤ መደበቃቸው ጥፋት ነው። እኔም አይቼ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። ግን ሊጎዱህ አይደለም የደበቁት። ሳቅህ እንዳያልቅባቸው ሰስተው ነው።»

ልሳኑ ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ። አርባ ስድስት ሰው ትንፋሹን ይዞ ቀረ። በበሩ በኩል አጥሩን ተደግፎ ገደሉን ሲያይ ይታያቸው ነበር። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ እንጉዳይ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ከዚያ ተመልሶ ገባ። አልሳቀም። ግን አርጩሜውን አንስቶ በመስኮቱ ወረወረው።

«ተናድጃለሁ» አላቸው፣ «አልዋሻችሁም። የተናደድኩት ግን በደብዳቤው ነው እንጂ በፊደላችሁ አይደለም። ሳልሄድ አንድ ትምህርት ይቀረናል፤ እሱን እንማር።»

አክስቴ እንዳለችው ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ተነፈሰ። ሰውየው የተናደደው በምን እንደሆነ ሲታወቅ ንዴቱ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ከጥግ ተቀመጠ፤ ማንም አልፈራውም። ልሳኑ እንጉዳይን ደግሞ አስነሳና ጓንጉልን በምን እንደገዙት ጠየቃት። በሁለት ዶሮ መሆኑን አንገቷን ደፍታ ነገረችው።

«የኔ ደብዳቤ ሁለት ዶሮ ብቻ ነው የሚያወጣው?» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት አያ ይመር ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ልሳኑም ሳቀ። እንጉዳይ «ላም»ን አነበበች። ጨለማ እስኪሆን ድረስ ማንም ወደ ቤቴ ልሂድ አላለም። ሲለያዩ በማግስቱ እንደሚሄድና እሑድ ለፈተናው እንደማይኖር ነገራቸው። የከለከለው የለም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጓንጉል፣ ሁለቱን ዶሮ ለባለቤቶቹ መልሶ፣ ልሳኑን በገዛ በቅሎው አስቀምጦ እስከ አውቶብሱ አደረሰው። የመንደሩ ሴት ሁሉ እስከ መታጠፊያው ሸኘው።

እሑድ ደረሰ። ከአውራጃው የተላከው ፈታኝ በጠዋት ይመጣል የተባለው ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። መንገድ ላይ በቅሎው አንክሳበት ግማሹን በእግሩ ሄዷል፣ ዝናብ አግኝቶታል፣ ምሳ አልበላም። ጤና ይስጥልኝም አላለም፣ ሰላምም አላለም። እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመ፣ የቃላት ወረቀቶቹን አወጣ፣ በቁጣ አንደኛ ብሎ ጠራ።

የመጀመሪያዋ ሴት ወደቀች። ሁለተኛዋ «ዶሮ» የሚለውን አጥታ ወደቀች። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ እንዲሁ። በመስኮት የሚያዩት ሰዎች ራሳቸውን ያዙ። ፈታኙ በወረቀቱ ላይ አምስት ጊዜ ሰረዘ። አክስቴ ተራዋ ስምንተኛ ነበር፤ ዓርብ ያወቀችው ሁሉ ከራሷ ውስጥ ሲወጣ ይሰማታል። ወፍጮው ለሌሎቹ ቀበሌዎች ሲሄድ በዓይኗ አየችው።

ስድስተኛ ተብለው የተጠሩት አያ ይመር ናቸው። ሄደው ከሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ ፈታኙም «ገመድ» የሚል ወረቀት አነሳላቸው። አያ ይመር ወረቀቱን አላዩም። ፈታኙን ከላይ እስከ ታች አዩትና በትሕትና አንዲት ነገር ተናገሩት። ምን እንዳሉት እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አስቀድሜ ልጨርስ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ደንግጦ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሰውየው ተቆጥቶ ወረቀቱን ሰብስቦ የሚሄድ መስሎታል። ፈታኙ ግን ዞሮ ሰሌዳውን አየ። መሀረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። ሳቅ መጣበት፤ ሊይዘው ሞከረና አልቻለም። ካፖርቱን አወለቀ፣ ውሃ ለመነ፣ ጠጣ፣ ተቀመጠ። «ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ። «እናቴ፣ ይምጡ፣ አይፍሩኝ።»

ከዚያማ ማን ይቁም! የወደቁት አምስቱ ተመልሰው አነበቡ። እንጉዳይ ገና ወረቀቱ ሳይነሳ ልታነብ ደርሳ ፈታኙ «ይጠብቁኝ እንጂ» አላት። አክስቴ «ዝናብ» ደረሳት፤ አንብባ ስትጨርስ ሌላ እንዲጨምርላት ጠየቀች። አያ ይመር «ገመድ»ን አንብበው አለፉ፤ ሆኖም ጸ እና ፀ ላይ ሲደርሱ አንድ ድምፅ ሁለት ፊደል መያዙ ስህተት ነው ብለው ከፈታኙ ጋር ተከራከሩና አንድ ነጥብ አጡ። በመስኮት ያለው ሰው እያንዳንዱን እንደ ሙሽራ እየተቀበለ ነበር። አርባ ስድስት ተፈትኖ አርባ አንድ አለፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ሲነገር ቆሬ በር ሁለተኛውን በሁለት ሰው ብቻ ቀድሟል። በጥር ወር ወፍጮው በግመል ተጭኖ ገደሉን ወጣ፤ የመጀመሪያውን ቁና ያስፈጨችው እንጉዳይ ናት።

ልሳኑም ሰኞ በአምስት ሰዓት ደርሶ ተመዘገበ። ይህን የሚናገር ደብዳቤ ጻፈ፤ ፖስታው ላይ «ለወይዘሮ ሽታዬ» ይላል። በመንደሩ ለሴት የመጣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነበር። ጓንጉል በዚያው ቀን፣ ማንም ሳያስቆመው፣ ቤቷ ድረስ አደረሰላት። እሷም በአደባባይ ቆማ ለሕዝቡ አነበበችው።

ፈታኙ ያን እሑድ ማታ እራት ሲበላ የአያ ይመርን ነገር ደጋግሞ አስነግሯቸው በደብተሩ ጽፎ ሄደ። በሄደበት ቀበሌ ሁሉ አወራው፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው አፍ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን የተነሳላቸውን ወረቀት ትተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ያን ርቦትና ዝናብ መትቶት የተኮሳተረ ሰው ትክ ብለው እያዩ አያ ይመር እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ጌታዬ፣ ሰሌዳ ይጥቆር፤ የመምህር ፊት ይብራ።»